ምራቅ የዋጡ ሰዎች

በእኛ ቋንቋ ምራቅ ብዙ ሥራ አለበት። የበሰለ፣ ነገር ያየ፣ ለሽምግልና የሚበቃ ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይባላል። የተራበ ሰው ሌላው ሲበላ እያየ ምራቁን ይውጣል። የተናደደ ጢቅ አድርጎ ይተፋል። የጎጃም እናት ደግሞ ልጇ መንገድ ሲወጣ «እንትፍ፣ እንትፍ» ብላ ለምልክት ያህል ግንባሩን አርጠብ አድርጋ ትመርቀዋለች። «ምራቅ» እና «መረቀ» በተመሳሳይ ሦስት ፊደላት መሠራታቸው ለእኔ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ያስተዋልኩት ምራቄ ከደረቀ በኋላ ነው።

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ሥራው የሦስት ጥንድ ትልልቅ ዕጢዎችና በከንፈር፣ በጉንጭና በላንቃ ውስጥ የተበተኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። ከሁሉም ትልቋ ከጆሮ ፊት ለፊትና ሥር የተቀመጠችው ናት፤ ሐኪሞች ፓሮቲድ ይሏታል። የእኔ ካንሰር የበቀለው እዚያ ነው፣ በግራ በኩል። የምራቅ ዕጢ ካንሰር በዓለም ሁሉ ብርቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ብርቅ ሆኖም አንድ ዓይነት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ20 በላይ ዓይነቶቹን ለይቶ ይመዘግባል። ስለዚህ የያዘው ሰው የእሱኑ የሚመስል ሌላ ሰው አገኛለሁ ብሎ ተስፋ አያደርግም። እኔም አላደረግኩም ነበር።

እብጠቷን ያገኘኋት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ለዘመን መለወጫ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ቤተሰብ ጋ በሄድኩበት ሰሞን ነው። ጢሜን ስላጭ አተር የምታክል ነገር እጄ ላይ መጣች። አታምም፣ አትነካም፣ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ጎረቤቶቻችን ወዲያው ስም አወጡላት። አንዷ «ጆሮ ደግፍ ነው፣ የልጅ በሽታ፣ ዘግይቶብህ ነው» አሉ። ሌላዋ እንቅርት ነው አሉ። በደጋው ጎጃም በአዮዲን እጥረት ምክንያት እንቅርት ከጥንትም እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ አንገት አካባቢ ያበጠ ነገር ሁሉ ወደዚያ ስም ይሄዳል። አንድ ክሊኒክም ከጎረቤቶቻችን ብዙ አልራቀም፤ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ሦስት ዙር መድኃኒት ሰጠኝ። አተሯ ባቄላ ሆነች፤ ባቄላዋ ደግሞ የዋልካ።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም በጣቶቿ ዳሰሰችኝና «ፈገግ በል። ዓይንህን ጨፍን። ጉንጭህን ንፋ» አለችኝ። የፊታችንን ጡንቻዎች የሚያዘው ነርቭ በዚያች ዕጢ መሐል ያልፋል፤ እዚያው ውስጥ እንደ ዛፍ አምስት ዋና ዋና ቅርንጫፎች ያወጣል። እሷ የምታየው ካንሰሩ ነርቩን ነክቶት እንደሆነ ነበር። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ያኔ የመሰለኝ የልጆች ጨዋታ ነው።

ናሙናው በመርፌ ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ የተጠራሁት እኔ አይደለሁም። «ታላቅ ወንድሙ ይግባ፣ እሱ ውጪ ይቆይ» ተባለ። አገራችን ውስጥ ይህ እንደ ጭካኔ አይቆጠርም፤ እንዲያውም አዘኔታ ነው። ክፉ ወሬ መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገራል፤ ቤተሰብ ደግሞ ለበሽተኛው ምን ያህሉን እንደሚያቀምሰው ተማክሮ ይወስናል። ወንድሜ ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። «ትንሽ ዕጢ ናት፣ ትወጣለች» አለኝ። ወረቀቱን ከእጁ ተቀበልኩት። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ደግሞ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ የእንግሊዝኛ ሰነድ ማንበብ እንጀራዬ ነው። «ሙኮኤፒደርሞይድ ካርሲኖማ» ይላል፣ ቀጥሎም ደረጃው ከፍተኛ መሆኑን ይጠቅሳል። ወንድሜ ሳነብ እያየኝ ቆየና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

ቤት ስንደርስ ሌላ የቃል ጣጣ ጠበቀን። እናቴ «ካንሰር» የሚለውን አታውቀውም። የምታውቀው «ነቀርሳ» ነው። ነቀርሳ ግን ባለ ሁለት ፊት ቃል ነው፤ ካንሰርም ነቀርሳ ይባላል፣ ቲቢም የሳንባ ነቀርሳ ይባላል። አንደኛው በትንፋሽ ይተላለፋል፣ ሌላው አይተላለፍም፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። አንዲት የምወዳት ጎረቤት ቡና ስታፈላ የእኔን ስኒ ለብቻ ማስቀመጥ ጀመረች። ክፋት አልነበረባትም። ሰዎች ካንሰርን የሚፈሩት ስለሚገድል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ስሙን ከሚጋባ በሽታ ጋር ስለሚጋራም ጭምር መሆኑን ያየሁት እዚያ ስኒ ላይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የ«አይዞህ» ዝናብ ነው። አይዞህ፣ እግዚአብሔር አለ። አይዞህ፣ እገሌም ድኗል። አይዞህ፣ ስለዚህ ነገር አታውራ። አይዞህ ጥሩ ቃል ነው፤ ከልብ እንደሚባልም አውቃለሁ። ነገር ግን የሚመጣው በወሬ ማለቂያ ላይ ነው። አይዞህ ከተባለ በኋላ «እሺ» ከማለት በቀር የሚቀር መልስ የለም። እኔ ደግሞ ገና መጠየቄ ነበር። ፊቴ ይጣመማል? እንዴት እበላለሁ? ሥራዬን ቁጭ ብዬ መሥራት እችላለሁ? በስንተኛው ቀን ነው ነገሩ የሚከብደው? እነዚህን ሐኪሞቹ በከፊል ነገሩኝ፣ ጊዜያቸው የፈቀደውን ያህል። የቀረውን የሚነግረኝ አልነበረም።

ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ተደረገ። ዕጢዋ ወጣች። ካንሰሩ የታችኛውን ከንፈር በሚያዘው የነርቭ ቅርንጫፍ ላይ ስለተጣበቀ ቅርንጫፉም አብሮ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ስስቅ ከንፈሬ በአንድ በኩል ብቻ ይወርዳል፤ ውሃ ስጠጣም በግራ በኩል ጠብ ጠብ ይላል። እናቴ ስታየኝ «ልጄ፣ ምነው ፊትኸ ወደ አንድ ወገን ሄደሳ?» ብላ አገጬን በእጇ ለማቃናት ሞከረች። ከዚያ ጨረር ታዘዘልኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በጠቅላላው 33 ጊዜ።

ጨረር ሲባል በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለ20 ዓመታት ያህል ለመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሚሆን ሕዝብ አንድ ቦታ ማለት ነው። ለብዙ ዘመን ያገለገለውም በኮባልት 60 የሚሠራ ማሽን ነበር። ኮባልት በየአምስት ዓመቱ ገደማ ግማሽ ኃይሉን ያጣል፤ ምንጩ እያረጀ ሲሄድ ያንኑ መጠን ለመስጠት ለእያንዳንዱ በሽተኛ የሚያስፈልገው ደቂቃ ይረዝማል፣ ደቂቃው ሲረዝም ወረፋውም ይረዝማል። ከዚያ ወዲህ ዘመናዊ ማሽኖች ገብተዋል፤ ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጪም ማዕከል ተከፍቷል። ቢሆንም ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጋሞ ተነስቶ ለአንድ ወር ተኩል አዲስ አበባ ላይ መክረም አሁንም ያው ነው።

መክረም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ አባይ በረሃን መውረድና መውጣት አለበት፤ በየቀኑ የሚመላለሱበት መንገድ አይደለም። ማሽኑ ላይ የሚቆዩት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረውን 23 ሰዓት ከምናምን የት ይኖራል? በዚህ ምክንያት ስንቱ ጀምሮ እንደሚያቋርጥ መገመት አይከብድም። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅመ ደካሞች ማረፊያ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ድርጅቱን በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት አቶ ወንዱ በቀለ ትንሽ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡ አባት ናቸው። ካንሰር የቤታቸውን በር ያንኳኳባቸው ሰዎች ለሌላው በር መክፈታቸው በዚህች አገር የታየ ነው።

እኔ ሥራ ስለነበረኝ ከሆስፒታሉ ብዙ የማይርቅ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ግቢው በሙሉ የበሽተኛ ነው። በየክፍሉ አንድ ታማሚና አንድ አስታማሚ አለ፤ ጠዋት ሁሉም ፋይሉን በፌስታል አንጠልጥሎ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። የማውቃቸውን ሰዎች ያወቅኳቸው እዚያ ግቢና እዚያ የወረፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

የመጀመሪያዋ ከደሴ የመጡ እትዬ ናቸው። ጨረር ከመጀመሬ በፊት ባለው ሳምንት አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበውታል። ምኔን እንደታመምኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።

«ጥርስህን ታይተሃል?» አሉኝ።

«ጥርሴን አያመኝም።»

«አልጠየቅኩህም ያምህ እንደሆን። ታይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉት። ከብዙ ዓመት በፊት ለአፍንጫና ለጉሮሮ ካንሰር ጨረር ወስደዋል። ካንሰሩ ጠፋ። ኋላ ግን ምራቅ ያጣ አፍ ጥርሱ ቶሎ ይበላልና፣ አንድ መንጋጋቸው ታመመ፤ ሄደው ተነቀሉ። ጨረር ያገኘው አጥንት ደግሞ ደሙ ቀንሷልና የተነቀለበት ቦታ አልድን አለ። አጥንቱ ሞተ፣ ቆዳቸውን በስቶ ወጣ። «ከመጀመርህ በፊት የተበላሸ ካለ ይነቀል፤ እስኪድን ጠብቅ፤ ከዚያ ግባ። ከገባህ በኋላ ማንም ጥርስህን እንዳይነቅልህ፣ ጨረር እንደወሰድክ ሳትነግረው» አሉኝ። በነጋታው የጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሁለት ተነቀለልኝ። የአሁኑ መንጋጋዬ ሙሉ ከሆነ፣ የእሳቸው ግማሽ መንጋጋ ዋጋ ከፍሎበታል።

ጨረር ሲጀመር ፊትን የሚያስር ጭንብል ይሠራል። የሞቀ ፕላስቲክ መረብ ፊት ላይ ተዘርግቶ ሲቀዘቅዝ የራስን መልክ ይይዛል፤ ከዚያ በየቀኑ ጭንቅላት እንዳይንቀሳቀስ ከጠረጴዛው ጋር ይቆለፋል። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይልም። በሁለተኛው ምግብ አልጣፍጥ ይላል፤ በርበሬው እሳት፣ ጨው ደግሞ ብረት ይሆናል። በሦስተኛው አፍ ይቆስላል፣ ምራቅ መጀመሪያ እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ ቀጥሎ ይደርቃል። የደረቀ አፍ ለማያውቀው ይህን ያህል ነገር አይመስልም። እንጀራ ላንቃ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ቆሎ ወንዝ ዳር እንዳለ ጠጠር ነው። ሌሊት ምላስ ከጥርስ ጋር ተጣብቆ ያነቃል። ስልክ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ውሃ መፈለግ ይመጣል።

በዚህ መሐል ነው የኔታን ያገኘኋቸው። ከቢቸና ወዲያ የመጡ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። የእሳቸው ካንሰር ከመንጋጋ ሥር ካለችው የምራቅ ዕጢ የተነሳ ነው፤ አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ ይባላል። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ነርቭን ተከትሎ እንደ ሐረግ ይሄዳል፣ ጠፋ ሲባል ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ጎጃሜ መሆኔን በአነጋገሬ ለዩና «የማርቆስ ልጅ ነኸ? መንቆረር?» ብለው በድሮ ስሟ ጠሩልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሳልፍ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦

«ዛሬስ ምን ወረደልኸ?»

እንዴት ነህ አይሉም። ተሻለህ አይሉም። ምን ወረደልኸ ነው። ይህ ጥያቄ መልስ አለው። «ግማሽ ብርጭቆ አጥሚት፣ የኔታ።» «ትላንት ስንት ነበር?» «አንድ።» «እንግዲያስ ዛሬ ማታ ግማሿን ትጨምራለኸ፤ እኔም እጨምራለሁ።» እሳቸው ያስተማሩኝ ተልባ ነው። ተልባውን አፍልተው አጥልለው፣ ቀዝቀዝ ሲል በኮዳ ይይዙታል፤ ልስላሴው አፍን ያለብሳል። ኋላ ሳነብ በስዊድን ከተልባ የተሠራ ሰው ሠራሽ ምራቅ በፋርማሲ እንደሚሸጥ አየሁ። የኔታ ያገኙት ከሌላ በሽተኛ ነው፤ ያም ከሌላ። ተልባ ካንሰር አያድንም፤ ማንም እዚያ ግቢ ውስጥ ያድናል አላለኝም። እንጀራ ግን ያወርዳል።

አንድ ቀን ፈርቻለሁ አልኳቸው። ለወንድሜ ያልነገርኩትን ነው። «አይዞኸ አልልኸም» አሉኝ። «መፍራትኸ ልክ ነው። እኔም እፈራለሁ። ፈርተን እንበላለን።» ትንሽ ቆዩና ደግሞ ከንፈራቸውን በተልባው አርሰው «ሰው ምራቁን የዋጠ ሲል እኛን ረስቶ ነው። እኛ የምንውጠው አጥተን ነው የበሰልነው» አሉ። ባለ ቅኔ በጨረር ግቢ ውስጥም ባለ ቅኔ ነው። ሳቅኩ፤ ከንፈሬ በአንድ በኩል ወረደ፤ እሳቸውም አይተው ሳቁ።

በዚያው ግቢ ከአርሲ የመጡ አንድ አባባ ነበሩ። የጉሮሮ ቧንቧቸው በካንሰር ጠቧል። አማርኛ ብዙም አይችሉም፤ እኔም ኦሮምኛ አልችልም። እሳቸው መንገዱ ተዘግቶባቸው፣ እኔ ደግሞ መንገዱ ደርቆብኝ፣ ሁለታችንም ከአንድ ድስት አጥሚት እንጠጣ ነበር። ልጃቸው ሲያፈላ ለእኔም ይቀዳል፤ እኔ ተልባ ሳፈላ ለእሳቸው። አባባ ሲውጡ እጃቸውን ከፍ አድርገው ጣታቸውን ያሳዩኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጉንጭ። እኔም እመልሳለሁ። ከዚያ የተሻለ ውይይት በዚያ ዓመት ከብዙ ሰው ጋር አላደረግኩም።

የእኔኑ በሽታ፣ በዚያችው ዕጢ፣ የያዛት ሰው ያገኘሁት አንዲት ብቻ ነው፤ ለክትትል የመጣች የዳንግላ ልጅ፣ ተማሪ። የእሷ ደረጃው ዝቅተኛ ስለነበር በቀዶ ጥገና ብቻ አልቆላታል። ስታወራኝ ጉንጯን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ምሳ አብረን ስንቀመጥ ምክንያቱን አየሁት፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስታኝክ ጆሮዋ ሥር ያለው ቆዳ ብቻ ቀልቶ ላብ ያንቆረቁራል። «እንዲህ አድርጎ ሰው ፊት አልበላም» አለችኝ። ነገሩ የታወቀ ነው። ምራቅ አውጣ የሚለውን ትእዛዝ የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮች ዕጢያቸው ሲወጣ ባዶ ቀሩ፤ ሲያድጉ መንገድ ስተው ከላብ ዕጢዎች ጋር ተገናኙ። አንጎል ምራቅ ሲያዝ ቆዳ ያልባል። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ተገረምኩ፤ ትእዛዙ ትክክል፣ አድራሻው የተሳሳተ። እንደዚያ አድርጌ ነገርኳት። «እና እብድ አይደለሁም ማለት ነው?» አለችኝ። ለሁለት ዓመት ጭንቀት ነው ተብላ ነበር። ያን ቀን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ትታ ምሳዋን ጨረሰች።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሳስብ «ድጋፍ» የሚለው ቃል ይጠብብኛል። ድጋፍ ሲባል የሚታየኝ እንዳይወድቅ የተደገፈ አጥር ነው። እነሱ ያደረጉልኝ ሌላ ነው። በእኔ ሙያ ፕሮግራም ጽፎ አሠራሩን የማይጽፍ ሰው ይረገማል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው በጨለማ ይዳክራልና። የእኛ አገር የካንሰር በሽተኛ የሚኖርበት ዓለም አሠራሩ ያልተጻፈ ነው። ሐኪሙ ያክማል፤ ነገር ግን ውጪ ወረፋው ረጅም ነው። ቤተሰብ ይወዳል፤ ነገር ግን ይደብቃል። የሚቀረው፣ አንድ እርምጃ ቀድሞ የሄደና ወደ ኋላ ዞሮ «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ» የሚል ሰው ነው። ለመናገር የሚያበቃው ጉድጓዱ ውስጥ መግባቱ ብቻ ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። በጤነኛ መሐል ያለ በሽተኛ የሚፈራው የራሱን ሞት ነው። በበሽተኛ መሐል ያለ ግን የሁሉንም ሞት ይወርሳል። አባባ ጨረራቸውን ሳይጨርሱ ልጃቸው ይዟቸው ወደ አርሲ ተመለሰ። ጠዋት ስነሳ ክፍላቸው ተጠርጎ ነበር፤ ድስቱን በሬ ላይ ትተውልኛል።

እኔ 33ቱን ጨርሼ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጦርነቱ መንገዱን አንዳንዴ ዘጋ፣ አንዳንዴ ከፈተ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ። ለሥራዬ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ለክትትል ቀጠሮ ደግሞ የባሰ ነው፤ መንገድ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ ሐኪም የለም። የቀረን ስልክ ነው፣ እሱም ሲሠራ። እትዬ ከደሴ፣ ልጅቷ ከዳንግላ፣ የኔታ ከቢቸና ወዲያ፣ እኔ ከማርቆስ። መስመር ሲገኝ አንዳችን ለሌላው ደውለን ያው ጥያቄ ነው፤ ምን ወረደልኸ? እትዬ ምግብ ሲጨማደድባቸው፣ እኔ መንጋጋዬ አልከፈት ሲል እንነጋገራለን። አፍ እንዳይጣበቅ መፋቂያ እንጨቶችን ደራርቤ ጥርሴ መሐል አስገብቼ በየቀኑ እንድዘረጋው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በአምስት እንጨት ጀመርኩ፣ አሁን ዘጠኝ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የኔታ ማሳል ጀመሩ። መጀመሪያ የክረምት ጉንፋን ነው አሉ፤ እኔም የማንበብ ልማዴ አልጠቀመኝም፣ ያ ዓይነት ካንሰር ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ሳንባን እንደሚመርጥ አውቅ ነበርና። ደብረ ማርቆስ መጥተው ራጅ ተነሱ። ወረቀቱን ለማን እንደሚነግሩ ሐኪሙ ሲያመነታ የኔታ «ለእኔ ይነገረኝ፤ ልጆቼ ቅኔ ነው የሚያውቁ፣ ይህን ግን እኔ ነኝ የማውቀው» አሉ። ተነገራቸው። ማታ እኛ ቤት አደሩ። እናቴ እግራቸውን አጠበች፣ ቀጭን ሽሮ ሠራችላቸው። ተማሪዎቻቸው ድምፃቸው እየደከመ ሲሄድ ተጠግተው ጆሯቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደሚማሩ ነገሩን። «ጥሩ ነው» አሉ፤ «ሲጮኽ የማይሰማ ሁሉ አሁን ይሰማል።»

በፍልሰታ ጾም ልጃቸው ደወለልኝ። ስልኩን ለእሳቸው ሰጣቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄውን እኔ ቀደምኩ፦ «የኔታ፣ ዛሬስ ምን ወረደልዎ?» ጥቂት ቆይተው «ውሃ» አሉ። «ጸበል። ሁለት ጉንጭ።» ከዚያ የመረቁኝ ምርቃት ረጅም ነበር፤ ግማሹ አልተሰማኝም። በአራተኛው ቀን አረፉ። መንገድ ስለተዘጋ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። እናቴ ግን ለሰልስታቸው ቤታችን ውስጥ ንፍሮ ቀቅላ ጎረቤት ጠራች። ስኒዬን የምትለየው ጎረቤታችንም መጣች። ስለ የኔታ ጠየቀችኝ፤ በሽታቸው ምን እንደነበር፣ እንዴት እንደሚመጣ፣ ይጋባ እንደሆነ። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ያን ቀን ቡናዬን የቀዳችልኝ በማንኛውም ስኒ ነው።

አሁን በየስድስት ወሩ እታያለሁ። ከቀጠሮ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ሁልጊዜ ከባድ ናቸው፤ ጆሮዬን በቀን መቶ ጊዜ እዳስሳለሁ። እስካሁን ንጹሕ ነው። ምራቄ ከድሮው ጥቂቱ ተመልሷል፣ የቀረው አይመለስም። ተልባዬን በኮዳ ይዤ እዞራለሁ። የሰማሁትን ሁሉ ደግሞ በቀላል አማርኛ ጽፌዋለሁ፤ ስለ ጥርስ፣ ስለ ጭንብሉ፣ በየትኛው ሳምንት ምን እንደሚመጣ፣ ስለ መፋቂያው፣ ስለ ነቀርሳና ነቀርሳ ልዩነት፣ ሐኪሙን መጠየቅ ያለባችሁ ብዬ የዘረዘርኳቸው ጥያቄዎች። 14 ገጽ ነው። ሐኪም አንብቦ አርሞልኛል። ፎቶ ኮፒ እያደረግኩ ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ፤ የራሱን የሚጨምርበት ባዶ ገጽ መጨረሻው ላይ አለ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ከደምበጫ ደወለልኝ። ቁጥሬን ከማን እንዳገኘ አልጠየቅኩትም። እህቱ ከጆሮዋ ሥር አብጦባት ናሙና ሰጥታለች፤ ውጤቱ መጥቷል፤ አዲስ አበባ ለጨረር ሂዱ ተብለዋል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እሷ ገና እንዳልተነገራት ነገረኝ፤ እንዴት ብሎ እንደሚነግራት አያውቅም።

«ስለ እሱ አብረን እናስብበታለን» አልኩት። «መጀመሪያ ግን፣ ጥርሷን ታይታለች?»

«ኧረ ወንድሜ፣ ያማት ጆሮዋ ሥር ነው እንጂ ጥርሷንስ ደህና ናት።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሃል?»